ወንበር የሌለበት ባንኮኒ

ሽው የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽው ብሎ ይመጣል፣ ሽው ብሎ ይሄዳል። እናቱ ያወጡለት ስም እርግጥ አለው፤ ነገር ግን ያንን ስም የሚያውቁት እናቱ፣ ባንኩና የሽያጭ ውል የሚጽፈው ጠበቃ ብቻ ናቸው። እኛ አብሮ አደጎቹ ገና በቁምጣ እያለን ሽው አልነው፣ ሽው ሆኖ ቀረ። ሚስቱ እንኳ ሲጠራት «ወዬ ሽው» ነው የምትለው።

እኔ አናጢ ነኝ። ሽው ሱቅ በከፈተ ቁጥር ባንኮኒውን የምሠራለት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የሽውን ዕድሜ በዓመት ይቆጥር ይሆናል፤ እኔ በባንኮኒ ነው የምቆጥረው። የመጀመሪያው ኮሌጁ በር ላይ የከፈተው ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ብር ስላልነበረን ባንኮኒውን ማሽኑ ከመጣበት የእንጨት ሳጥን ሠራሁለት፤ ስንጥሩ የተማሪ እጅ ይወጋ ነበር። ሁለተኛው ላውንደሪው ነው። ለእሱ ጥሩ እንጨት ገዛን፤ የሰው ልብስ እንዳይዝ ጠርዙን አድበልብዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ እንደ ሕፃን ጉንጭ አለሰለስኩት። ከዚያ ዳቦ ቤቱ መጣ፣ ከዚያ የመኪና መለዋወጫው፣ ከዚያ መነጽር ቤቱ። የእኔ እጅ እያማረ በሄደ ቁጥር የእሱ ቆይታ እያጠረ ሄደ። ቫርኒሹ ሳይደርቅ የሸጠውም አለ።

ይሄ ያናድደኛል። ሰው ሠርቶ ሲጨርስ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት አለበት፤ እንጨት እንኳ ተቆርጦ ካልከረመ ይጣመማል። ሽው ግን እግር እንጂ መቀመጫ የለውም። ሻይ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ምሳ ቆሞ ነው የሚበላው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ግድ ሆኖበት ተቀመጠና ጉልበቱን ሲያንቀጠቅጥ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ «ልጄ፣ ሟቹ አባትህ ነበሩ?» አሉት። ሟቹን ጨርሶ አያውቃቸውም ነበር፤ እኔን ሊያደርሰኝ ነው የመጣው።

ባንኮኒ ሲያሠራኝ ሁልጊዜ አንድ ትእዛዝ አለችው። «ከኋላው ወንበር አትሥራ። በርጩማም ቢሆን አልፈልግም።»

«ሠራተኛው አይደክመውም?» እለዋለሁ።

«የሚቀመጥ ሱቅ የሞተ ሱቅ ነው።»

ይሄን ከየት እንዳመጣው እኔ አውቃለሁ። አባቱ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ገበያ ሲጠብቁ ኖሩ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሲጠብቁ በጠራራ ፀሐይ አረፉ። አንዲት ደንበኛ ገብታ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ላለመቀስቀስ ብላ ቆማ ጠብቃለች። ሽው ከትምህርት ቤት ሲመጣ እሷ አሁንም እየጠበቀች ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽው ወንበር አይወድም። እኔም ይሄን ስለማውቅ ብዙ አልከራከረውም፤ ባንኮኒውን እሠራለሁ፣ ወንበሩን እተወዋለሁ።

የሚሸጥበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ሌላው ነጋዴ ሲሸጥ ዕቃውን ይሸጥና ስሙን ይዞ ይወጣል፣ ሠራተኛውን ያሸሻል፣ ደንበኛውን ጎትቶ ይሄዳል። ሽው እንዲህ አያደርግም። «እኔ የምሸጠው ከነነፍሱ ነው» ይላል፤ በዚህ ይኮራል። ታፔላው፣ ሠራተኛው፣ የደንበኛው ጠባይ፣ ሬዲዮው የሚከፈትበት ጣቢያ ሳይቀር ያስረክባል። ገዢው በማግስቱ ጠዋት ገብቶ መብራት ማብራት ብቻ ነው የሚቀረው። በዚህ ምክንያት ገዢ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ሚስቱ «እኔን እስካሁን ያልሸጠኝ ደህና ዋጋ የሚሰጥ ስላልመጣ ነው» እያለች ትቀልዳለች። መጀመሪያ ስትቀልድ እንስቅ ነበር።

ከሱቆቹ ሁሉ ላውንደሪውን የሸጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሌሎቹን ሲሸጥ እሱን አቆይቶት ነበር፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ከእሱ ነው የተነሳው። በስልክ ታዝዞ ልብስ ከቤት ወስዶ፣ አጥቦ ተኩሶ ቤት ድረስ የሚያመጣ ላውንደሪ በሰፈሩ የመጀመሪያው ነበር። የስልክ ቁጥሩ የሽው የራሱ ቁጥር ነው። ታፔላው ላይ፣ መኪናው ላይ፣ የልብሱ ከረጢት ላይ፣ የሠራተኛው ሸሚዝ ጀርባ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል።

እናቱም ያውቁታል። እሳቸው ደግሞ ከሁሉም በተለየ ነው የሚያውቁት። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዓይናቸው ቀስ በቀስ በሞራ ሲጋረድ መርፌውን በጣታቸው መሩት። ሽው የመጀመሪያዋን ስልክ ገዝቶ የሰጣቸው ጊዜ ጣታቸውን ይዞ በቁልፎቹ ላይ አስኬደው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በቃ፣ ያዙት። ቁጥሩ ምን ምን እንደሆነ ቢጠየቁ አይናገሩትም፤ ጣታቸው ነው የሚያውቀው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ይደውላሉ።

«ሄሎ እማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። በል ሥራህን ሥራ።»

ይሄን ንግግር እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ስብሰባ የሚለው እኔን ነበር። ሁለታችን ባንኮኒ ስንለካ።

ላውንደሪውን ሊገዛ የመጣው ሰው ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃላት የሚመርጥ ሰው ነው። ሁሉንም ተመልክቶ ሲጨርስ «ቁጥሩስ?» አለ።

«የትኛው ቁጥር?»

«ስልኩ። እሱን ካላገኘሁ ምኑን ገዛሁት?»

ሽው ዓይኑን ሳያሽ «ውሰደው» አለ። በማግስቱ አዲስ ቁጥር አወጣ። ጸሐፊው ስልኩ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቁጥር ያገኙኛል» የሚል መልእክት ላከች። ለእኔ ደረሰኝ። ለሚስቱ ደረሳት። ለእናቱም ደርሷቸዋል፤ ስልካቸው ጢው ብሎ ዝም አለ። እሳቸውም ዝም ካለ ዝም ይበል ብለው ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት።

ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው፤ ያወቅሁትም በበርጩማ ምክንያት።

አንድ ቀን ጠዋት ላውንደሪ ቤቱ ስልክ የምታነሳው ልጅ ወርክሾፔ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ሳቂታ ልጅ ነች፤ ሽው ከነነፍሱ ሲሸጥ አብራ የተሸጠች።

«ጋሼ፣ ባንኮኒውን የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። አንድ በርጩማ ይሥሩልኝ። ራሴ ነኝ የምከፍለው።»

«ያ ባንኮኒ ወንበር የለውም» አልኳት። «ሲሠራም እንዲኖረው አልታሰበም።»

«እሱማ አሳቢው ስለሸጠው እኔ ልቁም እንዴ?» ብላ ሳቀች። «የከሰዓቱ ስልክ ረጅም ነው። እግሬ አበጠ።»

«ምን ዓይነት ደንበኛ ነው እንዲህ የሚያወራው?»

«ደንበኛ አይደሉም። እናት ናቸው።»

ያንቺ እናት ናቸው ወይ ስላት አይደሉም አለች፤ ቆማ፣ የመጋዙን ብናኝ በእግሯ እየገፋች ነገረችኝ። ላውንደሪው በተሸጠ ሰሞን አንዲት ሴትዮ ደወሉ።

«ሄሎ፣ ላውንደሪ ነው።»

«ላውንደሪ መሆኑንማ አውቃለሁ። ልጄን ጥሪልኝ።»

«ልጅዎ ማን ናቸው እማማ?»

«ባለቤቱ ነዋ!»

ባለቤቱን ጠራችላቸው። አዲሱ ባለቤት በዚያ በረጋ ድምፁ ሄሎ ሲላቸው «አንተ አይደለህም» ብለው ዘጉት። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። የሽውን አዲስ ቢሮ ፈልጋ ደወለች፤ ጸሐፊዋ መልእክት ተዪ አለቻት፣ ተወች። በማግስቱ ሴትዮዋ ደወሉ፤ «ነገርሽልኝ?» አሏት። «ነግሬያለሁ።» «ምን አለ?» ልጅቷ የምትለው ጠፋት። «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። «እሱማ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው» አሉ፤ ግን አልዘጉትም። የጎረቤታቸው ድመት የውሃ በርሜል ውስጥ ወድቃ እንዴት እንደወጣች ማውራት ጀመሩ። በማግስቱም የድመቷን ጤና ሊነግሯት ደወሉ።

«ኋላ ራሳቸው ደረሱበት» አለችኝ። «‹ሲሸጠው ቁጥሩንም አብሮ ሸጠው አይደል?› አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ‹እና ላንቺ ብደውልልሽ ቅር ይልሻል?› አሉኝ። ምን ልበል ጋሼ? እናቴ ከሞተች ቆይታለች።»

«ለምን አዲሱን ቁጥር አልሰጠሻቸውም?»

«ልስጥዎት አልኳቸው እኮ። ‹ሲፈልገኝ ይደውል፤ የእኔ ቁጥር አልተሸጠም› አሉኝ።»

መጋዜን አስቀመጥኩት። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም፤ በሽው ይሁን፣ በሴትዮዋ ኩራት ይሁን፣ ወይስ ያን ባንኮኒ ያን ሁሉ ጊዜ ስፈገፍግ በኖርኩት በራሴ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ነበር። ልጅቷ ግን ልትሄድ ብላ ዞር አለችና «ሐሙስ ዓይናቸው ሊከፈት ነው» አለች። «ሞራው ሊነሳላቸው። ሐኪሙ የቅርብ ዘመድ ይዘው ይምጡ ብሏቸዋል። እኔ እሄዳለሁ፤ ግን እኔ ላውንደሪ ነኝ። ልጅ እያላቸው ላውንደሪ ይዘው ይሂዱ?»

ቢሮው ሄድኩ። ሽው ያኔ የያዘው ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ ድርጅት ነበር፤ ሞተረኞቹ ከተማውን እንደ ንብ ወርረውት ነበር። ባንኮኒ የሌለው የመጀመሪያው ሥራው ነው፤ እኔን ያሠራኝ ጠረጴዛ ብቻ ነበር፣ ረጅም፣ ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ የሚሠራበት። ትልልቅ ገዢዎች መጥተውበት ድርድሩ ጫፍ ደርሷል። ስገባ ሽው ጠረጴዛውን እየዞረ ያወራል፤ ጠበቃው፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ሁሉም አንገታቸውን እያዞሩ ይከተሉታል። አንዱ አንገቱን አሻሸ።

ኮሪደር ላይ አወጣሁት። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

«እማ? እማ እኮ ደህና ናት። ባለፈው...» አለና ስልኩን አወጣ። ባለፈው የደወሉለትን ሊያሳየኝ ነው። በጣቱ ወደ ታች ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ። ያ ሁሉ የገዢ፣ የደላላ፣ የባንክ ስም ይወርዳል። እስከ ታች ደረሰ፣ የሚገፋውም አለቀ። በዚያ ስልክ እናቱ አንድም ቀን አልደወሉም፤ ላውንደሪውን ከሸጠ ደግሞ ከዓመት አልፎታል።

«አስቤዛዋ በየወሩ ይደርሳታል እኮ» አለ። ድምፁ አነሰ። «ሰሞኑን በበሯ አልፌ ነበር። በመስኮት እጄን አወዛወዝኩላት።»

«አያዩህም እኮ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«በምን ይንገሩህ?»

ግድግዳውን ተደገፈ። ሽው ግድግዳ ሲደገፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተናድጄበት የመጣሁት ሰውዬ አንጀቴን በላው፤ ትከሻውን ልይዘው እጄን ስዘረጋ ግን ቀና ብሎ «ሐሙስ እመጣለሁ» አለ።

«ሐሙስ ገዢዎችህ የሚመጡበት አይደለም እንዴ?»

«ይጠብቁ።»

አላመንኩትም። እሱ ይጠብቁ ሲል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

መጣ ግን። ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ የዓይን ሕክምናውን ኮሪደር ሲለካ አገኘሁት። በግድግዳው ጥግ ወንበር ተደርድሯል፤ በሽተኛው ሁሉ ተቀምጧል፤ ሽው ብቻ ይመላለሳል። ዘበኛው ሊቆጣጠር የመጣ አለቃ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆሞ በሩን ይከፍትለታል፤ ሽው ግን በሩን አልፎ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። እናቱ የልጅቷን ክንድ ይዘው ገቡ። ወደ ታች የተንጠለጠለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይቀር «እዚህ ጋ ዝቅ ይበሉ እማማ» እያለች ነው የምታመጣቸው።

«እማ፣ መጣሁ።»

ድምፁ ወደመጣበት ፊታቸውን አዞሩ። «መጣህ? ሥራስ?»

«ይጠብቃል።»

«ሥራ አይጠብቅም ትል አልነበር?»

ነርሷ ልታስገባቸው ስትመጣ የጣት ቀለበታቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አጠፉ፣ ያችን አሮጌ ስልክ ከደረታቸው አወጡ። ሽው ሊቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን ዳብሰው ለልጅቷ ሰጧት።

«እማ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«አይ፣ ትጥለዋለህ ብዬ አይደለም» አሉት በለሰለሰ ድምፅ። «ስወጣ ላላገኝህ እችላለሁ ብዬ ነው።»

ክፉ አልተናገሩትም። ድምፃቸውም ሐዘን ሳይኖርበት፣ ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነው ያሉት። ሽው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ውስጥ እያሉ የሽው ስልክ ይጮህ ጀመር። አየው፣ ኪሱ ከተተው። እንደገና ጮኸ። «ያዝልኝ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝና መመላለሱን ቀጠለ። ኪሴ ውስጥ ያ ነገር ይርገበገባል፤ ሽውን ራሱን በኪሴ የያዝኩት መሰለኝ። ልጅቷ የእናቱን ስልክ በሁለት መዳፏ ይዛ ተቀምጣለች።

ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ወጡ። ሽው ጎንበስ አለ።

«እማ፣ እዚሁ ነኝ። አልሄድኩም።»

«አውቄያለሁ። እግርህ ሲመላለስ እሰማ ነበር» አሉ። ፊቱን ፈልገው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጉንጩን፣ ቅንድቡን። «ከስተሃል። በል ሂድ፣ ሰዎቹ ይጠብቁሃል። መጥተሃል፣ በቃ።»

ሄደ። ሂድ ሲባል መቆየት አልተማረም። ከሰዓት በኋላ ፈረመና ድርጅቱን ሸጠ፤ እንዲያ ዓይነት ሽያጭ በእኛ ሰፈር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ኪሴ የቀረውን ስልኩን የመለስኩለት ከዚያ በኋላ ነው። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። «እንዴት ናት?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንቶች ለሁላችንም ከባድ ነበሩ። ሽው የሚሸጠው አልቆበት ነበር። ሚስቱ ደውላ «እባክህ ወስደህ የሆነ ነገር አሠራው፣ ምንጣፌን በእግሩ ጨረሰው» አለችኝ። እኔም ጋ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ ጣውላ ያነሳል፣ ጣውላ ያስቀምጣል፣ የምስማሩን ጣሳ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ያዞራል። እናቱ ጋም እየሄደ ነበር። ፋሻው ተነስቶላቸው፣ ዓይናቸው በርቶላቸው፣ ፊቱን አይተው አልቅሰዋል። ግን ሁለቱም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚወራ አያውቁም። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «በል ሥራህን ሥራ።» ሥራ የለኝም ቢላቸው ስለሚደነግጡ እሺ ብሎ ይወጣል።

አንድ ቀን የምስማሩን ጣሳ ድው አድርጎ አስቀመጠና «ቁጥሩን መልሼ ልገዛው ነው» አለ። «ትደውልልኝ ነበር እኮ። በየቀኑ። ቁጥሩን ካገኘሁት ትደውልልኛለች።»

አብሬው ሄድኩ። እንዲያ ፈጥኖ ሲሄድ አንድ የሆነ ነገር አስቧል ብዬ ነው የሄድኩት፤ እሱ ያሰበው ግን ዋጋ ብቻ ነበር። ባለ ላውንደሪው በአክብሮት ተቀበለን። ሽው የፈለገውን ነገረው። ሰውዬው አሰበ።

«ውሰደው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ግን እሱን ከሰጠሁህ ምኑን ገዛሁት?»

«የፈለግከውን ጥራ።»

«አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ትሸጠዋለህ?»

ሽው አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው የነበረው። አሁን ግን አልወጣለትም። «አልሸጠውም» አለ በመጨረሻ።

ልጅቷ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ትሰማ ነበር። ሰዓቱን ቀና ብላ አየችና ተነስታ በርጩማውን ገፋ አደረገችለት።

«አሁን ሊደውሉ ነው» አለችው። «ኑ፣ ይቀመጡ። እርስዎ ያንሱት።»

ሽው በርጩማውን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ» አልኩት።

ሽው ዞሮ ከባንኮኒው ኋላ ገባና ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ።

እናቱ ስልክ ላይ የሚያወሩት ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ጮክ ብለው ነው፤ ሁላችንም እንሰማ ነበር። ሄሎ እስኪባሉ እንኳ አልጠበቁም።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አየሁ መሰለሽ! መደርደሪያዬ ላይ ያለው አቧራ! ሰው ሲመጣ በዚያ ቤት ውስጥ ነበር የማስተናግደው እንዴ? ምነው አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም? ደግሞ ፊቴን በመስታወት አየሁት። ወይ ጉድ! ይቺ አሮጊት ማን አስገባት ብዬ ልቆጣ ነበር። ድመቷ ደግሞ፣ ያቺ ድመት፣ ጥቁር ነች ብዬሽ አልነበር? ቡናማ ነች እኮ...»

ሽው አላቋረጣቸውም። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እናቱ እንዲህ እንደሚያወሩ፣ እንዲህ እንደሚስቁ አላወቀም ነበር። እኔም አላወቅሁም። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። በመጨረሻ እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ «እማ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ዝም አሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ ከዚያ።

«ማንም አልሞተም እማ።»

«ልጅቷስ? ልጅቷ ምን ሆና ነው?»

«ደህና ናት፣ እዚሁ አጠገቤ ናት።»

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው? ከሠርክ?»

«አልከሠርኩም። ምንም አልሆንኩም። እንዲያው... እንዴት ዋልሽ ልልሽ ነው።»

ትንፋሻቸው ይሰማል።

«እስቲ ስልኩን ለልጅቷ ስጣት» አሉ። «እሷ አትደብቀኝም።»

ሽው ስልኩን አቀበላት። እጁ ሲመለስ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘ፣ ያን ያድበለበልኩትን። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ አሁን የምንሰማው የእሷን ብቻ ነበር።

«አዎ እማማ። እውነታቸውን ነው፣ ማንም ምንም አልሆነም... አዎ፣ እዚሁ ናቸው... አይ፣ አልቆሙም። ተቀምጠዋል... በእውነት! ተቀምጠዋል እኮ ነው የምልዎት፣ በርጩማዬ ላይ።»

ከዚያ አዳመጠች፤ ልትስቅ ፈልጋ ግን አልሳቀችም። ስልኩን በመዳፏ ከድና ወደ ሽው ዞረች።

«‹ከተቀመጠስ ታሟል፤ ሳልደርስ እንዳይሄድ ያዢልኝ› አሉ። ጫማ እያደረጉ ነው። ይመጣሉ።»

ሽው ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ ሽው ብሎ ሄዶ ሊያመጣቸው ይችል ነበር። እኔ ራሴ «ሂድና አምጣቸው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አልተነሳም። «እጠብቃታለሁ በያት» አለ። ደንበኛ ገብቶ የታጠበ ኮቱን ይጠይቅ ጀመር፣ ባለቤቱ ሊያስተናግደው ሄደ፣ ልጅቷ ከረጢት ታወርድ ጀመር። ሽው እንደተቀመጠ በሩን ያያል። ጉልበቱ ግን ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በርጩማዬን እንዳይሰብረው ፈራሁ።